ለልቅሶ የሚበቃ ትንፋሽ

ጥር 21 ቀን 1971፣ ሰኞ

የአርባ ስድስት ተማሪ የፊዚክስ ፈተና አርሜ ጨረስሁ። ስለ ግፊት የጠየቅኋቸውን ግማሾቹ አልመለሱትም። እናትዓለም ከጠዋት ጀምሮ «እግሬ ጥጥ የረገጠ ይመስለኛል» ትላለች። ከጥምቀት ወዲህ ሆዷን ሲያማት ስለ ሰነበተ ድካም ነው አልኋት። አደይን አዝላ ሥራዋን ስትሠራ ዋለች። ልጅቱ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት አሁንም ካልታዘለች አትተኛም።

ከሥራ በኋላ የቀበሌው የውይይት ክበብ ነበረ። ሄጄ ከኋላ ተቀመጥሁ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ጥር 23፣ ረቡዕ

ከቧንቧ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ደጃፋችን ላይ ወደቀች። «ጫማሽን ቀይሪ፣ ሶሉ አልቋል» አልኋት። ቀየረች።

ጥር 25፣ ዓርብ

ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃታት። ሳቀች መጀመሪያ። ከዚያ መሳቋን ተወች። በማስተምርበት አካዳሚ መኪና ሆስፒታል ወሰድናት። እኔ እግሯን ይዣለሁ፤ መያዜን አታውቀውም ነበር።

ዶክተር ገብረ መስቀል ወጣት ነው፤ እዚህ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ጉልበቷን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አደረገ። እግሯ ዝም አለ። ኮሪደር ላይ አወጣኝና፣ «ሕመሙ የነርቭ ነው፤ ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል» አለኝ። «ወገብ ላይ ከቆመ በሁለት ሦስት ወር ትድናለች። ደረት ከደረሰ ግን የትንፋሽ ጡንቻዎቿ ይደክማሉ። ያኔ የሚያስተነፍስ ማሽን ያስፈልጋታል፤ ማሽኑ ያለው አዲስ አበባ ነው።»

«ደረት መድረሱ በምን ይታወቃል?»

«እሱ ነው ችግሩ። የትንፋሽ መለኪያችን ከተሰበረ ቆየ። የምናውቀው ስትታፈን አይተን እንዳይሆን እፈራለሁ። ያኔ ይመሻል።»

ከዚያ የማስተምረው ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ።

ጥር 26፣ ቅዳሜ

ከተሰበረ የደም ግፊት መለኪያ ሜርኩሪውን አወጣሁ። ከቤተ ሙከራ የብርጭቆ ቱቦ አምጥቼ በእሳት አጠፍሁት፤ አንዱን አፉን በጎማ አስረዘምሁ። ሚሊ ሜትር ወረቀት ከኋላው ለጠፍሁ። ሥራው ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ዶክተሩ ያለው ይህ ነው። የምትተነፍሰውን አየር መጠን መለካት ባንችልም የጡንቻዎቹን ጉልበት መለካት እንችላለን፤ ከጉልበቱ ደግሞ አየሩን መገመት ይቻላል። ሳንባዋ ሙሉ ጤነኛ ነው። የሚያንሳት ሳንባውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ጡንቻ ነው። አፍንጫዋን በልብስ መቆንጠጫ ይዘን ባላት ኃይል ጎማውን ትነፋለች፤ ሜርኩሪው የወጣበትን እንጽፋለን። ከአርባ ሲወርድ አዲስ አበባ። ከሠላሳ ከወረደ፣ አለና ጎማውን አቀበለኝ።

ሲስተር አገርነሽ ሌላ ጨመረችበት። በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብላ ትቁጠርልኝ አለች። እሷ ከሃያ ዓመት በላይ ነርስ ናት፤ ማንንም አታስፈቅድም።

ሜርኩሪ 66። ቆጠራ 31።

«አለፍሁ?» አለች እናትዓለም።

ጥር 27፣ እሑድ

64። 29። እጇ ማንኪያ አልይዝ አለ።

ጥር 28፣ ሰኞ

58። 24።

ዶክተሩ «የይለፍ ወረቀት ከአሁኑ ያውጡ፤ ነገ አውሮፕላን አለ፣ ካለፈ እስከ ዓርብ የለም» አለኝ። ጎማው አፏ ላይ ነበር። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

ቀበሌ ለመሄድ ተነሣሁ። ሰኞ ሰኞ ስብሰባ እንዳላቸው ትዝ አለኝ። ተመለስሁ።

ለይለፍ ወረቀት የቤተሰብ ቅጽ ይሞላል። አምና በሥራ ቦታ በተሰጠን ቅጽ ላይ «ወንድም» በሚለው ፊት «የለኝም» ብዬ ጽፌአለሁ። ታናሼ ከቤታችን ወጥቶ ከሄደ ያኔ አንድ ወሩ ነበር። ስሙን እዚህ ደብተር ላይም አልጽፈውም። አራት ዓመት እኛ ዘንድ ተቀምጦ ነው የተማረው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አካሉ በዓይኑ ያውቀዋል። ሁለቱ ቅጾች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኙ…

ቁጥሩ ገና ሃምሳ ስምንት ነው። ጊዜ አለ።

ጥር 29፣ ማክሰኞ

57። 19። አውሮፕላኑ በአራት ሰዓት ሲነሣ ከመስኮት አየሁት።

በጣም ትጥራለች። ስትነፋ ጉንጮቿ እንደ እምቢልታ ነፊ ይወጠራሉ።

ጥር 30፣ ረቡዕ

ሜርኩሪ 58። ቆጠራ 15።

ሲስተር አገርነሽ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፋ አሳየችኝ። «መምህር፣ ሜርኩሪው ደኅና ነው። ሴትዮዋ ግን ደኅና አይደለችም» አለች። «እንዴት አንዱ ቆሞ ሌላው ይወርዳል?»

«መሣሪያው ትክክል ነው» አልኋት።

«እኔ መሣሪያው ተሳሳተ የሚል ቃል አልወጣኝም።»

ከሰዓት ክፍል ገብቼ አስተማርሁ። ምን እንዳስተማርሁ አላውቅም።

ቀበሌ አልሄድሁም። ዘግተው ይሆናል ብዬ።

የካቲት 1፣ ኀሙስ

ጠዋት 56 ነፋች። ስትቆጥር አሥራ አንድ ላይ ተቋረጠች። አሥራ ሁለትን በከንፈሯ ብቻ አለችው።

ሲስተር አገርነሽ የጎማውን ጫፍ ከእጄ ወሰደች። «ጉንጭ ሲነፋ ሜርኩሪ ይወጣል ወይስ አይወጣም?» አለችኝ። ዶክተሩም ቆሞ ያዳምጣል።

«ይወጣል።»

«ደረት ባይኖርም?»

«ለጥቂት ሴኮንድ፣ አዎ። ጉንጭ ግፊት አለው፤ አየር ግን የለውም። ቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቢኖር አየሩ ያመልጥና ወዲያው ይወርዳል። ይዞ የሚያቆየው ደረት ብቻ ነው።»

እንደ ክፍል ውስጥ ነበር የመለስሁት፤ ሳልደናቀፍ። ዶክተሩ እያየኝ፣ «ይህን መቼ ዐወቁት?» አለ። ሲስተር መርፌ አምጥታ ጎማውን በሳችው።

እናትዓለም ራሷን ነቀነቀች፤ አልነፋም ማለቷ ነው። አገርነሽ ጎንበስ ብላ፣ «እቴ፣ አታታልይን፤ የምትታፈኚው አንቺ ነሽ» አለቻት። ነፋች።

27።

ያን ጊዜ ሮጥሁ። እዚህ ቃል ላይ ልቁም። ሮጥሁ ማለት እችላለሁ፤ በአራተኛው ቀን።

ጓድ አካሉ ቅጹን ሰጠኝ። «ወንድም» በሚለው ላይ ሙሉ ስሙን ጻፍሁ። «ያለበት» በሚለው ላይ «አይታወቅም»። አንብቦ አጠፈው። «ባለቤቴ ነገ በአውሮፕላን መሄድ አለባት» አልሁት። «ፊርማው የእኔ ብቻ አይደለም። የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ነው የሚያየው» አለ። «መቼ?» «ማክሰኞ ና።»

የካቲት 2፣ ዓርብ

14። መቁጠር ተወች።

አውሮፕላኑ ሄደ። ዶክተሩ ወረቀቱ ቢኖርም አሁን አልጭናትም አለ፤ አየር ላይ ትሞታለች። ከምሳ በኋላ ጉሮሮዋን ከፍቶ ቱቦ አገባ። ከቱቦው ጫፍ የጎማ ፊኛ ገጠመበት። ፊኛው በእጅ ሲጨመቅ ደረቷ ይነሣል፤ ሲለቀቅ ይወርዳል።

«እስከ መቼ?» አልሁት።

«ነርቩ እስኪመለስ። ሳምንት። ሁለት ሳምንት። ለደቂቃም ማቋረጥ የለም።»

የመጀመሪያውን ሰዓት እኔ ጨመቅሁ።

የካቲት 3፣ ቅዳሜ

ሲስተር አገርነሽ ተራ አወጣች። ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሰዓት። የአካዳሚው መምህራን፣ ሁለቱ ጎረቤቶቻችን፣ ቁስል የሚያጥቡት ድሬሰሮች፣ የሆስፒታሉ ጥበቃ። ሰዓት እላፊ ስላለ የሌሊት ተረኞች ሳይመሽ ገብተው እዚያው ወለሉ ላይ ያድራሉ። ባለፈው ዓመት በመንገድ ሲያየኝ ፊቱን የሚያዞር አንድ የሒሳብ መምህር ሳይጠራ መጣ። ተራውን ጨርሶ፣ እጁን እያፍተለተለ፣ «ነገም ጻፉኝ» ብሎ ሄደ። ማመስገን ነበረብኝ።

አእምሮዋ ሙሉ ነው። ትሰማለች፣ ታያለች። ማንቀሳቀስ የምትችለው ዓይኗን ብቻ ነው። አዎ ስትል አንዴ ትጨፍናለች። አደይን ከመስኮት አሳየናት።

የካቲት 4፣ እሑድ

አባቷ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ከዘጌ በጀልባ መጡ። ገብተው ቱቦውን አዩ፤ ግንባሯን በመስቀል ዳሰሱ። ስለ ሜርኩሪው ጠየቁኝ፤ በድሮ ስሙ «ባዜቃ ነዋ!» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ «እስቲ አሳየኝ» አሉ።

እኛ ስንጨምቅ አንዳንዴ እንፈጥናለን፣ አንዳንዴ እንዘነጋለን። እሳቸው በጸሎት ነው የሚጨምቁት። «እግዚኦ» ሲሉ ይጨምቃሉ፤ «መሐረነ» ሲሉ ይለቃሉ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ልክ አልሳቱም። ዶክተሩ በሰዓቱ ቆጠረና ሌሎቹም እንደሳቸው እንዲያደርጉ አዘዘ። የፖለቲካ ትምህርት የሚሰጠው ባልደረባችን ተረኛ ሲሆን በለሆሳስ እግዚኦ ሲል ሰማሁት። ማንም አልሳቀም።

የካቲት 6፣ ማክሰኞ

ጓድ አካሉ ሁለት የይለፍ ወረቀት ሰጠኝ፤ የእሷና የእኔ። የማኅተሙ ቀለም አልደረቀም።

«ባለቤትህ እንዴት ናት?»

«አሁን ወረቀቱ አያስፈልጋትም። በእጅ እያስተነፈስናት ነው።»

«ሰምቻለሁ» አለ። ቅጹን ከመሳቢያ አወጣ። «ወንድምህ ያለበት አይታወቅም ብለሃል። ይታወቃል። ሰኔ ላይ ሞቷል፤ ከሐይቁ ማዶ። ፋይሉ ያኔ ተዘግቷል።»

የተቀመጥሁበት ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነበር። ያወዛውዛል።

«ለምን አልተነገረኝም?»

«ለማን ይነገር? ወንድም የለኝም ብለሃላ።»

በክፋት አልተናገረውም። ሐቅ ስለ ሆነ ነው የተናገረው። አመሰግናለሁ ብዬ ወረቀቶቹን ይዤ ወጣሁ። አመሰግናለሁ ማለቴን አሁን ስጽፍ ነው ያስተዋልሁት። የት እንደ ተቀበረ አልጠየቅሁም።

ሰኔ። እኔ ከሰኔ እስከ ጥር የሞተ ሰው ነው የደበቅሁት። የፈራሁት ፋይል ዝግ ነበር። ሰኞ ብሄድ ኖሮ ሰኞውኑ ይነግረኝ ነበር፤ ማክሰኞም አውሮፕላኑ ላይ…

ተራዬ ደርሷል።

የካቲት 7፣ ረቡዕ

ጨመቅሁ። ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አንድ ተኩል። ዓይኗ ፊቴ ላይ ነው። ምን እንዳነበበችበት አላውቅም።

የካቲት 9፣ ዓርብ

መሪጌታ ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። «ልጄ፣ አንተ የምታዝነው ለዚች ብቻ አይደለም» አሉ። ከጫማዬ ላይ አቧራ አራገፍሁ። «የክርስትና ስሙን ብቻ ንገረኝ» አሉኝ።

«ተክለ ጊዮርጊስ።»

ሌላ ምንም አልጠየቁም። «እሷ ታውቃለች?» ብቻ አሉ።

«አታውቅም። አሳድጋዋለች ማለት ይቻላል። ልብሱን የምታጥብለት እሷ፣ ፈተና ሲደርስ የምትቀሰቅሰው እሷ።»

«እንግዲያስ አሁን አትንገራት። ለማልቀስም ትንፋሽ ያስፈልጋል።»

የካቲት 13፣ ማክሰኞ

ከምሳ በፊት የሒሳብ መምህሩ ተራ ነበር። ድንገት «ሲስተር!» ብሎ ጮኸ። ፊኛው እጁ ውስጥ በራሱ ተነቃነቀ። እናትዓለም ሳበችው። አገርነሽ «አቁም» አለችው። ሁላችንም ቆመን ደረቷን አየን። ተነሣ። ወረደ። ቆየ፤ በጣም ቆየ። ተነሣ።

ስምንት ትንፋሽ። ከዚያ ደከማትና ቀጠልንላት። መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔ 8 ብዬ ጻፍሁ።

የካቲት 19፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ቀኑን ሙሉ በራሷ ተነፈሰች። ከቱቦው ላይ ለካን፤ 19። ጉንጭ የሌለበት ቁጥር።

የካቲት 26፣ ሰኞ

33። ባለፈው ኀሙስ ቱቦው ወጥቶ ቁስሉ ተሸፍኗል። ዛሬ ድምፅ አወጣች። ሻካራ ነው፤ በየሁለት ቃሉ ትቆማለች።

«ሄድህ እንዴ?»

«የት?»

«ቀበሌ።»

«ሄድሁ።»

ዓይኗን ጨፈነች። አዎ ለማለት እንዳልሆነ ገባኝ። «እንዳትሄድ ብዬ ነበርኮ… ጉንጬን የምነፋው።»

«ስለ አደይ መስሎኝ ነበር። ጥያት ላለመሄድ።»

«መስሎህ ነበር?» አለችኝ።

ውኃ በማንኪያ ሰጠኋት። ዋጠች፤ የወንድሜን ስም ጠራች። «ስለ አስናቀ… ጠየቁህ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ተመስገን» አለች።

መጋቢት 1፣ ቅዳሜ

ዶክተር ገብረ መስቀልን ጠየቅሁት። «ሜርኩሪው ስንት ሲደርስ ነው መርዶ መንገር የሚቻለው?»

«ለሳል ሠላሳ ይበቃል። ለልቅሶ የሚል ሠንጠረዥ አላየሁም» አለ። ልሄድ ስል፣ «ሃምሳ ይጠብቁ» አለኝ። ማን እንደ ሞተ አልጠየቀም። በዚህ ዘመን አይጠየቅም።

መጋቢት 5፣ ረቡዕ

41። ቆጠራ 20። ማንኪያ ያዘች። አደይን አልጋው ላይ አስቀመጥንላት፤ ልጅቱ አንገቷ ላይ ያለውን ጨርቅ በጣቷ ነካች።

ስለ አስናቀ ማውራት አበዛች። ደኅና ከሆነ ለፋሲካ በሰው ይልክ ይሆናል፤ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ዝም አይልም ትላለች። ሹራቡ ሳጥን ውስጥ እንዳይበላ አውጥተህ አናፍሰው አለችኝ። እሺ አልሁ። አናፈስሁት።

መጋቢት 9፣ እሑድ

47።

መጋቢት 12፣ ረቡዕ

52። ቆጠራ 27።

አልነገርኋትም። አንድ ልኬት ሊሳሳት ይችላል፤ በድጋሚ መረጋገጥ አለበት።

መጋቢት 14፣ ዓርብ

54። ቀዳዳውን አየሁት፤ አልተደፈነም።

አልነገርኋትም። ጓድ አካሉ ሆስፒታል በር ላይ አግኝቶኝ «እንዴት ናት?» አለኝ። «ደኅና ናት» አልሁት። የት እንደ ተቀበረ ልጠይቀው አፌን ከፈትሁ። ስለ ዝናብ ተናገርሁ።

መጋቢት 16፣ እሑድ

መሪጌታ ከቅዳሴ መልስ መጡ። አርባው ቢያልፍም ሙት ዓመቱን ሳንጠብቅ በስሙ ጸሎት እንዳደረሱ በጆሮዬ ነገሩኝ። ከዚያ አልጋዋ ግርጌ ቆሙ። ቁጥሩን አልጠየቁኝም። «አሁን» አሉ ብቻ።

መሣሪያውን ከጠረጴዛው አንሥቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥሁት። አጠገቧ ተቀመጥሁ። «ቀበሌ የሄድሁ ቀን ስለ አስናቀ ነግረውኛል» አልኋት። «ሰኔ ላይ ነው። አርፏል።»

አየችኝ። አባቷን አየች፤ ጥቁር ነጠላ ለብሰው ነበር። «የት?» አለች።

«ከሐይቁ ማዶ።»

«የት ነው የቀበሩት?»

«አልጠየቅሁም።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ አየር ሳበች፤ እንዲያ ስትስብ ከታመመች ወዲህ አላየሁም። ከዚያ ጮኸች። ረጅም ነው፤ አልተቆረጠም። ሲስተር አገርነሽ ታፈነች ብላ ፊኛውን ይዛ እየሮጠች ገባች። በሩ ላይ ቆመች። ፊኛውን ወደ ታች አወረደችው።

በዚያው ክፍል ያሉ ሴቶች ተነሡ። አንዷ በክራንች፣ አንዷ የሆዷን ቁስል ይዛ። ለማን እንደሆነ ሳያውቁ አብረዋት አለቀሱ። መሪጌታ ግድግዳ ተደግፈው በለሆሳስ ያደርሳሉ። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። ደረቷን አላየሁም። አልቆጠርሁም።

ከጥግ ያሉት አልጋቸውን መልቀቅ የማይችሉ አሮጊት እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ተጣሩ። «አንተ ልጅ፣ እግዜር ያጽናህ። ማነው የሞተባችሁ?»

«ወንድሜ» አልሁ።

«ስሙ ማን ይባላል?»

ነገርኋቸው። ጆሯቸው ይከብዳል፤ አልሰሙኝም። ጮክ ብዬ ደገምሁላቸው።